ከቦክታይ ጌሞች የቱን ልግዛ? በየትኛው ማሽንስ ልጫወተው?

ቦክታይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጨረስ ጌም አይደለም። ጠመንጃችሁ የሚሞላው በረንዳችሁ ላይ በምትወጣው በእውነተኛዋ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ከሌለ ጉልበቱ ይነጥፋል። ከዚያ በኋላ ከጭራቆቹ ጋር ድብብቆሽ ነው።

ጌሙን ያወጣው የጃፓኑ ኮናሚ ነው፤ በ2003፣ ለኒንተንዶው የእጅ ጌም ማሽን ለጌም ቦይ አድቫንስ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፕሮዲዩሰሩ ሂዴዮ ኮጂማ ነበር፤ ተደብቆ ማለፍ የሚበዛበትን «ሜታል ጊር»ን የሠራው ሰውዬ። ከዚያ በኋላ ተከታታዩ ወደ አራት ጌም አድጓል። ዛሬ አንዱን ልሞክር የሚል ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የትኛውን ክፍል? በየትኛው ማሽን? ሰው ሁሉ የሚከራከረው በመጀመሪያው ላይ ነው። እኔ ግን ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ጥሩውን ክፍል መርጣችሁ መጥፎ ስክሪን ከያዛችሁ፣ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። እንዲያውም ከሁለቱም የሚቀድም ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ የምትኖሩበት አገር በቂ ፀሐይ አለ ወይ?

አንድ ነገር እንዳይምታታ። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የእጅ ጌሞች ሌላ ናቸው። ባንዳይ በ1982 ባትሪ የማይፈልጉ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትናንሽ ጌሞች ሸጧል። በ2020 ደግሞ የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን እና የኔዘርላንዱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያለ ባትሪ የሚሠራ ጌም ቦይ አሳይተዋል፤ ኃይሉን ከፀሐይና ከቁልፎቹ መጫን ያገኛል። እነዚያ ፀሐይን ለኤሌክትሪክ ነው የሚጠቀሙባት። ቦክታይ ግን እንደማንኛውም ጌም ባትሪ ይበላል። ፀሐይ የምትገባው ጨዋታው ውስጥ ነው።

ፀሐይዋ ጌሙ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ጌሙ ያለበት ካሴት ከተለመደው የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ረዘም ይላል። ከማሽኑ ውጭ በሚቀረው ጫፉ ላይ የብርሃን ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ያየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ በመለኪያ ይታያል። ደመና ሲያልፍ መለኪያው ይወርዳል። በእጃችሁ ብትሸፍኑት ዜሮ ይገባል። ይህን መጀመሪያ ላይ ደጋግማችሁ ታደርጉታላችሁ፤ ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

ባለታሪኩ ጃንጎ የሚባል ቫምፓየር አዳኝ ልጅ ነው። ጠመንጃው ጋን ዴል ሶል ይባላል፤ የሚተኩሰው የፀሐይ ጉልበት ነው። አጠገቡ ኦተንኮ የሚባል፣ የሱፍ አበባ የመሰለ የፀሐይ መልእክተኛ አለ፤ እየመከረ ይከተለዋል። ዋሻና ግንብ ውስጥ ገብታችሁ ጠላት ትዋጋላችሁ፣ በር የሚከፍት እንቆቅልሽ ትፈታላችሁ። ጉልበት ሲያልቅ ፀሐይ ወደሚገባበት ቦታ ትመለሳላችሁ። ጣሪያው የተከፈተ ክፍል ካገኛችሁና እውነተኛዋ ፀሐይም ካለች፣ ጠመንጃው ይሞላል። አንዱ ብቻ ካለ አይሆንም።

በመጀመሪያው ክፍል በጣም የሚወደድልኝ የአለቆቹ አገዳደል ነው። ቫምፓየሩን ስታሸንፉት አይሞትም። ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ሣጥኑን እየጎተታችሁ፣ በመጣችሁበት መንገድ፣ ከግንቡ ማውጣት አለባችሁ። መንገድ ላይ ሣጥኑ ይንፈራገጣል። ውጭ ስትደርሱ ፓይል ድራይቨር የሚባል መሣሪያ መሐል ታቆሙታላችሁ፤ እሱ ነው ቫምፓየሩን በፀሐይ የሚያነጻው። እዚህ ላይ ነው ጌሙ የሚያስወጣችሁ። ይህን ሁሉ ለፍታችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብትደርሱ፣ ያላችሁ አማራጭ ጌሙን አስቀምጦ መተኛት ነው። ያናድዳል። ግን በማግስቱ ጠዋት መጋረጃ ገልጣችሁ «ዛሬ ትወጣለች ወይስ አትወጣም?» የምትሉበት ሌላ ጌም የለም።

የተረፈ ጉልበት የሚቀመጥበት የፀሐይ ባንክም አለ። ቀን ታስቀምጣላችሁ፤ ማታ ታወጣላችሁ። ብድርም ይሰጣል። ብድሩን ባትለምዱት ይሻላል።

ሴንሰሩን በመብራት ለመሸወድ የሚሞክር አይጠፋም። ኤልኢዲ አምፖል ለሱ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። የድሮው የሚግለው አምፖል በጣም ሲቀርብ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፤ ግን ካሴቱን አምፖል ላይ ለጥፎ ፕላስቲኩን ማጋል ሞኝነት ነው። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይሠራል፤ መስታወቱ ግን ይቀንሰዋል። መስኮቱን ክፈቱት።

ሰዓቱን እንዳትሳሳቱ

ካሴቱ ውስጥ የራሱ ሰዓት አለ። መጀመሪያ ስትከፍቱት ሰዓቱንና ያላችሁበትን ቦታ ይጠይቃችኋል። ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን በዚያ ያሰላል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ጌሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር 6 ብላችሁ ከሞላችሁ፣ ጌሙ ንጋት ነው ብሎ ያምናችኋል። እናንተ አናት ላይ የቆመች ፀሐይ ስታዩ፣ ጃንጎ ገና ጎሕ ሲቀድ ያያል። ማታ ስትገቡ ደግሞ እሱ ጋ ቀትር ይሆናል። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 15 ተብሎ ነው የሚገባው።

አራቱ ክፍሎች

የመጀመሪያው፣ የ2003ቱ፣ ኢስትራካን በምትባል የሙታን ከተማ ነው የሚካሄደው። ጠባዩ ከሩጫ ይልቅ ወደ መደበቅ ያደላል። ግድግዳ ትቆረቁራላችሁ፣ ጠላት ድምፁን ሰምቶ ይሄዳል፣ እናንተ ከኋላው ታልፋላችሁ። «ሜታል ጊር» የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መሣሪያው ጠመንጃው ብቻ ነው፤ ሌንሱን፣ አካሉንና ባትሪውን እየቀያየራችሁ የተለያየ ጠመንጃ ትሠራላችሁ። እሳት የሚተፋ አለ፣ በረዶ የሚተፋ አለ። ሁሉም ግን የሚጠጣው ያንኑ የፀሐይ ጉልበት ነው። በዚህ የተነሳ ከአራቱ ፀሐይ በጣም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደመናማ ሳምንት ያሳምመዋል።

ሁለተኛው በ2004 በጃፓንና በአሜሪካ ወጣ፤ አውሮፓ በ2005 ደረሰ። ከተማው ሳን ሚጌል ነው። እዚህ ጃንጎ ሰይፍ፣ ጦርና መዶሻ ይይዛል፤ ልምድ እያጠራቀመ ደረጃ ይጨምራል። የፀሐይ ጉልበት የሚሄደው መሣሪያውን ለማጠንከር ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? ጉልበት ባዶ ቢሆንም ሰይፉ ይቆርጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ይሻለዋል። ታሪኩም አንድ ያልተጠበቀ ጥሩ መታጠፊያ አለው፤ ጃንጎ ራሱ በቫምፓየር ይነከሳል። በዚያ መልኩ ሲሆን እስካሁን ያጎረሰችው ፀሐይ ትጎዳዋለች። ያኔ ካሴቱን ይዛችሁ ጥላ ፍለጋ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ጎበዝ ነው።

ብዙ ሰው «በሁለተኛው ጀምሩ፣ የተሟላው እሱ ነው» ይላል። ይዘቱ ሰፊ መሆኑ እውነት ነው። እኔ ግን አልስማማም። በሁለተኛው የጀመረ ሰው ፀሐይዋን እንደ ተጨማሪ ነገር ነው የሚቆጥራት፤ ስትኖር ጥሩ፣ ሳትኖርም ይቻላል። የመጀመሪያውን የተለየ ያደረገው ግን ያለሷ አለመቻሉ ነው። ታሪኩም ከዚያው ይቀጥላል። ቫምፓየር ለሆነው ጃንጎ ለማዘን፣ መጀመሪያ በፀሐይ የኖረውን ጃንጎ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በ2005 ጃፓን ውስጥ ብቻ ወጣ። ሰይፉንም ጠመንጃውንም ያዋህዳል። የሬሳ ሣጥን ሞተር ሳይክልም አለው፤ አዎ፣ ሬሳ ሣጥኑን በሞተር መጎተት። ጌም ቦይ አድቫንስ አገር አይለይም፤ የጃፓን ካሴት የትኛውም ማሽን ላይ ይሠራል። ችግሩ ቋንቋው ነው። አፍቃሪዎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል፤ ግን ትርጉሙ የሚለጠፈው ከካሴቱ በተገለበጠ የጌሙ ፋይል ላይ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ሴንሰር የለውም። እጃችሁ ያለው ካሴት ጃፓንኛ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫው መራራ ነው። ወይ እውነተኛ ፀሐይ ከጃፓንኛ ጋር፣ ወይ እንግሊዝኛ ያለ ፀሐይ። ሁለቱን ለጨረሰ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

አራተኛው ሉናር ናይትስ ነው፤ በ2006 ጃፓን፣ በ2007 መጀመሪያ አሜሪካ። ማሽኑ ኒንተንዶ ዲኤስ ነው። ካሴቱ ላይ ሴንሰር የለም። ፀሐይም ደመናም ዝናብም ጌሙ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው፤ ቀንና ሌሊቱም እዚያው ይፈራረቃል። ሉሲያን ሰይፍ ይይዛል፣ አሮን ጠመንጃ፤ በሁለቱ መሐል ትቀያየራላችሁ። በብዕር እየመራችሁ ጠፈር ላይ የምትተኩሱበት ክፍልም አለው። እንደ ጌም በደንብ የተሠራ ነው። ግን ማንም ውጭ ውጡ አይላችሁም። ቦክታይን በዚህ ብቻ አይቶ «ተጫወትኩት» የሚል ሰው ግማሹን አልተጫወተም።

የማሽኑ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው። የዛሬ ስልክ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም አይታይም። ከኋላ የሚበራ ስክሪን ሁሉ ጠላቱ ፀሐይ ናት። ቦክታይ ደግሞ ፀሐይ ላይ ካልወጣችሁ አይሆንም። ስለዚህ በሌላ ጌም ሁሉ «አሮጌ፣ ደብዛዛ» የተባለው ማሽን እዚህ አንደኛ ይወጣል።

እሱም የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ ነው፤ የ2001ዱ፣ አግድም የሚያዘው። ስክሪኑ መብራት የለውም። ከላዩ የወደቀበትን ብርሃን ነው መልሶ የሚያሳየው። ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል ሥር ያሰቃያል፤ በጊዜው ሰው ሁሉ ያማረረው በዚህ ነበር። ሜዳ ላይ ግን ብርሃኑ በጠነከረ ቁጥር ስክሪኑ ይጠራል። ቦክታይ በባሕርይው የጨለመ ሥዕል የበዛበት ጌም ስለሆነ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ካሴቱ የሚገባው ከላይ ነው። ማሽኑን በተፈጥሮ አያያዝ ስትይዙት ሴንሰሩ ከእናንተ ርቆ፣ ወደ ሰማይ ያያል። የጌሙን ሰዎች አስቡት፤ ይህን ማሽን እጃቸው ላይ ይዘው ነው የሠሩት ብላችሁ ትምላላችሁ። ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ዛፍ ወይም ጃንጥላ ሥር ቁጭ በሉና የካሴቱን ጫፍ ብቻ ከጥላው አውጡት። ጫፉ ፀሐይ ያገኛል፣ አናታችሁ አይቃጠልም፣ ስክሪኑም ይታያል። ኃይሉን ከሁለት ተራ የድንጋይ ባትሪ ነው የሚያገኘው፤ የትም ሱቅ ይገኛል።

አሁን ገበያ ላይ ብዙዎቹ አሮጌ ጌም ቦይ አድቫንሶች ስክሪናቸው ተቀይሮ ነው የሚሸጡት። ከኋላ የሚበራ፣ ደማቅ፣ የሚያምር። ለሌላ ጌም በጣም ጥሩ ነው። ለቦክታይ ግን ያልተነካካውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀንሳል። የስክሪኑ ፕላስቲክ ከተቧጨረ ብዙ አያሳስብም፤ መተኪያው በርካሽ ይገኛል።

ሁለተኛ ምርጫዬ የሚታጠፈው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ነው፤ በ2003 የወጣው። ይህ ሁለት ዓይነት አለው። የመጀመሪያው ሞዴል ከፊት የሚበራ መብራት አለው፤ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል። መብራቱ ሲጠፋ እንደ አሮጌው በፀሐይ ይታያል። ማታ ደግሞ ታበሩታላችሁ። ሁለተኛው ሞዴል ከኋላ የሚበራ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሁሉም ያምራል፣ ውጭ ይደክማል። የሚለዩት በጀርባው ባለው ቁጥር ነው፤ ኤጂኤስ-001 የፊቱ፣ ኤጂኤስ-101 የኋላው። ሻጮች 101ዱን በውድ ይሸጡታል። ለዚህ ጌም ርካሹ ይሻላችኋል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

የኤስፒ ችግር ካሴቱ ከታች መግባቱ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ሆዳችሁን ነው። ፀሐይዋን ከኋላችሁ ካደረጋችሁ በራሳችሁ ጥላ ትጋርዷታላችሁ። ወደ ጎን ዞር ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ይለመዳል፤ ግን ደስ አይልም።

ኒንተንዶ ዲኤስና ዲኤስ ላይት የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ይቀበላሉ። ቀዳዳው እዚያም ወደ እናንተ ባለው ጠርዝ ነው፤ የኤስፒ ችግር ሁሉ አለበት። የዲኤስ ላይት ስክሪን ደማቅ ነው፤ ጥላ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ቀትር ላይ ይሸነፋል። ሁለቱም ማሽኖች የገመድ መሰኪያ ስለሌላቸው ከጓደኛ ጋር በኬብል መጫወት አይቻልም። ዲኤስ ቤት ውስጥ ካላችሁና ሌላ መግዛት ካልፈለጋችሁ፣ ለሙከራ ይበቃል። በተለይ ሉናር ናይትስንም ለሚፈልግ ሰው አንድ ማሽን ለሁለቱ ይሆናል። ዲኤስአይና ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ቀዳዳው የላቸውም።

ጌም ቦይ ማይክሮ? ስክሪኑ የሁለት ጣት ያህል ነው። ይለፈን። የኒንተንዶው የቤት ማሽን ጌምኪዩብ ላይ ተገጥሞ በቴሌቪዥን የሚያጫውተው ጌም ቦይ ፕሌየርም ካሴቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ግቢ መውጣት ነው።

የትኛው ሰማይ ሥር ናችሁ?

አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። የቀኑ ርዝመትም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት የመጀመሪያውን ክፍል ያለ ጭንቀት ትጨርሱታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ግን አትጀምሩት። በክረምት ጠዋት ብቅ ካለች ያቺን ሰዓት መጠቀም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም። ሙሉ መለኪያ ካላየሁ አትበሉ፤ ግማሹም ይሞላል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ላለ ሰው ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። ፀሐይ ሞልቷል፤ የሚወጣ ሰው ነው የጠፋው። በእነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እናንተም ማሽኑም አትችሉትም። ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል ተጫወቱ። ማሽኑን መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ፤ ሙቀት ስክሪንም ባትሪም ያበላሻል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ግን ለዚህ ጌም የተመቸ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በጋው ረጅምና ደረቅ ነው፤ አመሻሽ ላይ ለመጫወት ይስማማል።

ስቶክሆልም፣ ኦስሎ ወይም ሲያትል? በስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ እሱም ዝቅ ያለች፣ ብዙ ጊዜ ደመና የሸፈናት ፀሐይ። ከሥራ ስትወጡ ጨልሟል። የመጀመሪያውን ክፍል በዚያ ወቅት መጀመር ራስን መቅጣት ነው። ሁለተኛውን ያዙ፤ ወይም የመጀመሪያውን ለሰኔ አቆዩት። ሰኔ ላይ ደግሞ ስቶክሆልም የቀን ብርሃኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ይቅናባችሁ። ሲያትል ላይም ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ግራጫ ሰማይ መለኪያውን ከታች ያስቀምጠዋል፤ በጋው ግን ይክሳል።

ካሴት ወይስ ኢሙሌተር?

ኮናሚ እነዚህን ጌሞች ለዛሬ ማሽኖች አላወጣቸውም። ስለዚህ አሮጌ ካሴት ወይም ኢሙሌተር ነው፤ ማለትም አሮጌውን ማሽን ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም።

ከኢሙሌተሮች ኤምጂቢኤ ጥሩ ነው። የፀሐይ ሴንሰሩን ያስመስላል፤ መጠኑን ራሳችሁ ከፍና ዝቅ ታደርጋላችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ፣ ሙሉ ፀሐይ መስጠት ትችላላችሁ። ጨዋታው ያለ እንከን ይሄዳል። ግን ሌላ ጨዋታ ሆኗል። የጉልበት እጥረት የለም፣ ስስት የለም፣ ባንኩም ትርጉም የለውም። ቫምፓየሩን ጎትታችሁ ስታወጡት ፀሐይ ትጠብቃችኋለች፤ ሁልጊዜ።

በኢሙሌተር ከተጫወታችሁ አንድ ደንብ ለራሳችሁ አውጡ፦ መስኮት አይታችሁ መጠኑን በሐቀኝነት ሙሉ። ደመና ከሆነ ሁለት ሦስት ሳጥን፣ ማታ ከሆነ ዜሮ። ፍጹም አይደለም፤ ከምንም ይሻላል። ለሦስተኛው ክፍል የእንግሊዝኛ ትርጉምም ዋናው መንገድ ይህ ነው። የጌም ፋይሉን ከየትም ማውረድ ግን የቅጂ መብት ጉዳይ አለበት፤ ንጹሑ መንገድ ካሴቱን ገዝቶ ከራስ ካሴት መገልበጥ ነው።

እንደ ኤቨርድራይቭ ያሉ፣ ብዙ ጌም የሚጭኑ ካሴቶችም አሉ። በእውነተኛ ጌም ቦይ ያጫውታሉ፤ ሴንሰር ግን የላቸውም። ፀሐይዋን በቁልፍ የሚያዝ የተስተካከለ ፋይል መጫን ይኖርባችኋል። ማለትም ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ አናታችሁ ላይ እያለች፣ ፀሐይን በቁልፍ ትጨምራላችሁ። ይህን መካከለኛ መንገድ አልወደድኩትም።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

የውሸት ካሴት ሞልቷል። ቦክታይ ላይ ግን ውሸቱን መለየት ይቀላል፤ ሴንሰሩን ማስመሰል ከባድ ነው። ልክ እንደሌላው አጭር ካሴት ከሆነ፣ ጫፉ ላይ የሴንሰር መስኮት ከሌለው፣ ተዉት። ተለጣፊ ወረቀቱ ቢያምርም ተዉት። ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ ፎቶ አይበቃም፤ ቪዲዮ ጠይቁ። ሻጩ ውጭ ወጥቶ መለኪያው ሲወጣ ያሳይ፤ ከዚያ ሴንሰሩን በእጁ ይሸፍነውና ሲወርድ ያሳይ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ይሠራል፣ ግን አሁን ፀሐይ የለም» ካለ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁት።

ሁለተኛው የሚጠየቀው የሰዓቱ ባትሪ ነው። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። አልቃ ከሆነ ሰዓቱ አይሄድም፤ በከፈታችሁ ቁጥር ልታስተካክሉት ነው። ያስቀመጣችሁት ጨዋታ ግን በዚህ አይጠፋም፤ እሱ ያለ ባትሪ ነው የሚቀመጠው። መተካት ይቻላል፤ በብየዳ የተያዘች ስለሆነች ግን ለሞባይል ጠጋኝ መስጠት ይሻላል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ሴንሰሩ አጠገብ ሙቀት እንዳያበዛ ግን ንገሩት።

በዋጋ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይወደዳል። ከሣጥንና ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር የሚሸጠው ደግሞ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል፤ ለመጫወት ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ ካሴቱን ይውሰድ።

ገንዘባችሁ ለአንድ ካሴትና ለአንድ ማሽን ብቻ ከበቃ፣ ፀሐይ ያለበት አገር ከሆናችሁ፣ የመጀመሪያው ቦክታይ ከአሮጌው ጌም ቦይ አድቫንስ ጋር ይሁን። ቀን ሥራ የሚውል፣ ማታ ብቻ የሚጫወት ሰው ሁለተኛውን ከኤጂኤስ-001 ጋር ይውሰድ፤ ጉልበቱን ቅዳሜና እሁድ ሞልቶ ባንክ ያስገባል፣ በሳምንቱ ይመነዝረዋል። ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ኮፍያና ውኃ አብራችሁ ስጡት። ጎበዝ ልጅ ከሆነ ቀትር ላይ አይገባላችሁም፤ «መለኪያው ሊሞላ ነው፣ ትንሽ ቆይ» ማለት ይጀምራል።